ባሕር ዳር ልቆይ ወይስ አዲስ አበባ ልግባ?

የመነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ለወተት ማሰባሰቢያ ጣቢያዎች የሚሆን ትንሽ የስልክ ፕሮግራም ሠርተናል። ነገሩ ቀላል ነው። ገበሬው በጠዋት ወተቱን ይዞ ይመጣል። ይለካል። ውሃ እንዳልተጨመረበት በላክቶሜትር ይታያል። ከዚያ ደብተር ላይ ይጻፋል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ወር ሲሞላ ነው፤ ገበሬው የሚለውና ደብተሩ የሚለው አይገጥምም። የእኛ ፕሮግራም እዚያው ሲለካ ይመዘግባል። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲመለስ ለገበሬው የሊትሩን ቁጥር በአጭር መልእክት ይልክለታል። በሁለት ማኅበራት ሞክረነዋል። አንደኛው ይከፍለናል። ሁለተኛው ገና እያሰበበት ነው።

እስከ ዛሬ ያገኘነውን ድጋፍ ልቁጠርላችሁ። አራት ሥልጠና፣ ሦስት ሰርተፍኬት፣ ሁለት ቲሸርት፣ አንድ የላፕቶፕ ቦርሳ። አንድ ውድድር ላይም ሦስተኛ ወጥተን ነበር። ትልቁን የካርቶን ቼክ ይዘን ፎቶ ተነሣን። ገንዘቡ ግን አሥር ወር ሙሉ በሂደት ላይ ነው። የማን ውድድር እንደሆነ አልናገርም፤ ገና ተስፋ አልቆረጥኩም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የክልል ከተማ ለሥራ ፈጣሪ የሚሰጠው ይህን ከሆነ እዚህ ምን አስቀመጠኝ? ጠቅልዬ አዲስ አበባ ልግባ? የሄዳችሁም፣ ሄዳችሁ የተመለሳችሁም፣ ያልሄዳችሁም ንገሩኝ።

(ምላሹ ሲበዛ አዲስ የሚገባ ሰው መነሻውን እያጣ ተቸገረ። ስለዚህ የመጣውን በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። የተወቀስኩበትንም አልዘለልኩም።)

1. የመጀመሪያው መላሽ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ትሑት። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ጀመረ። ከከተማው በፊት ግን የጠየቀኝ ስለሚከፍለው ማኅበር ነው። ከመቼ ጀምሮ ይከፍላል? ብታቋርጡበት ይቆጣል ወይ? የወር ክፍያው ለሁለታችን የሳምንት ቁርስ እንደማይሸፍን መለስኩለት። አንድ ቀን ፕሮግራሙ እምቢ ሲላቸው ግን መዝጋቢዋ ልጅ ከነጋ እስከ ረፋድ አራት ጊዜ ደውላለች። ይህን ጥያቄ ያኔ አቅልዬው ነበር ያለፍኩት።

2. ሁለተኛው ሳትውል ሳታድር ግባ አለኝ። እሱ ራሱ ከሐዋሳ የሄደ ነው። ጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎችን የሚያስጠጉት ማዕከላት፣ አይስአዲስም ብሉሙንም፣ የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤትም፣ የለጋሾቹ ቢሮም እዚያ ነው። ክፍያ በፕሮግራሙ ውስጥ ላስገባ ብትል ፈቃዱ የብሔራዊ ባንክ ነው፤ ለዚያ ደጅ የሚጠናውም አዲስ አበባ ነው። ከሁሉ በላይ ያጎላው ግን ማኪያቶውን ነው። ቦሌ አንድ ካፌ ተቀምጦ ሳለ አጠገቡ ካለ ሰው ጋር ወሬ ጀመረ፤ ሰውየው የመጀመሪያ ትልቅ ደንበኛው ሆነ። በመሐል ደግሞ እነዚህ ማዕከላት ሁሉ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የበቀሉ ናቸው ብሎ አለፈ።

3. ይህቺን ሦስተኛው አላለፋትም። አይስአዲስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ። ብሉሙን ግን በኋላ የመጣ ነው፤ የምርት ገበያን ያቋቋሙት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በግብርና ዙሪያ ለሚሠሩ ወጣቶች ብለው መሠረቱት። እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያነሣው ነው። በዚያ ዘመን ሰው ወደ ማዕከሉ ይሄድ የነበረው ለኢንተርኔቱ፣ ለጠረጴዛውና ለመብራቱ እንደነበር አስታወሰን። ዛሬ ያን ሁሉ ማንም ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ማዕከል የሚባለው ሌላ የሚሰጠው ነገር ከሌለው ካፌ ነው አለ። እንደ እሱ አባባል ሁለተኛው መላሽ ሳያውቀው ያረጋገጠውም ይህንኑ ነው፤ ደንበኛውን ያገኘው ማዕከል ውስጥ ሳይሆን ካፌ ነውና።

4. የአዳማ ልጅ መጣ። በፈጣን መንገዱ ጠዋት ሄዶ ማታ እንደሚመለስ፣ ቤት ኪራዩ የአዲስ አበባን ሲሶ እንደማያህል፣ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው የሚወጡ ልጆችን በቀላሉ እንደሚቀጥር ነገረን። ጥሩ ነው። ግን ባሕር ዳር አዳማ አይደለችም። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ማኪያቶ ጠጥቶ መመለሻ አይሆንም።

5. ከምላሾቹ ሁሉ ለእኔ ምርጡ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስቀምጠው። ጻፊዋ ጅማ ነው ያለችው። ክልል ውስጥ ድጋፍ የለም ማለት ስሕተት ነው ብላ ጀመረች። አለ፤ ስሙ ጥቃቅንና አነስተኛ ይባላል። ሼድ ይሰጣል፣ ያደራጃል፣ ከብድር ጋር ያገናኛል፣ ኤግዚቢሽን ያወጣል። ችግሩ የተሰፋው ለሌላ ሰውነት ነው። ለእንጨት ሥራ፣ ለብረታ ብረት፣ ለብሎኬት፣ ለዶሮ እርባታ ነው የተሰፋው። እሷ የተማሪ ክፍያ የሚከታተል ሶፍትዌር ይዛ ስትሄድ ቅጹ የማሽን ዓይነትና ብዛት ጠየቃት። ላፕቶፕ፣ ሁለት ብላ ሞላች። የሠራተኛው ፊት ግን ማሽን አይመስለውም ነበር። ቀጥሎ በማኅበር ተደራጂ ተባለች። ሰው ስላልነበራት ሁለት የአክስቷን ልጆችና አንድ የጎረቤት ልጅ በወረቀት ጨመረች። ሼዱ ተሰጣት። ግራ ቀኟ ዘይት መጭመቂያና ብየዳ ቤት ሆኑ። ከደንበኛ ጋር በስልክ ስታወራ ብየዳው ይጮሃል። ደንበኛው የት ነሽ ብሎ ሲጠይቅ ቢሮ ነኝ ትላለች።

ነገር ግን እዚህ ላይ አላቆመችም። ብየዳ ቤቱ ነው የመጀመሪያ ደንበኛዋ የሆነው። ማን ዱቤ እንደወሰደበት መቁጠር አቅቶት ነበር። ከዚያ ዘይት ቤቱ መጣ። የተማሪ ክፍያውን ትታ የዱቤ መመዝገቢያ ሆነች። ዛሬ የምትኖረው በዚያ ነው።

6. አንዱ ተቆጥቶ ገባ። የአክስት ልጅ በወረቀት መጨመር ማጭበርበር ነው አለ። ሼዱ የሚገባው ሌላ ወጣት ነበር፤ አገር የማያድገው በእንደዚህ ያለ ነው።

7. እሷም አልማረችውም። አንድ ሰው ብቻውን ሥራ ሊፈጥር ይችላል ብሎ ያላሰበውን ቅጽ እኔ አልጻፍኩትም አለችው። ሌላም ጨምራለች፤ እዚህ አልደግመውም።

8. በመሐል የሕግ ሰው ገላገለ። ዛሬ የአክስት ልጅ አያስፈልግም አለ። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ለብድርም ቢሆን ቤት ብቻ አይደለም የሚያዘው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ማስያዝ ይፈቅዳል። ዕቃ ይያዛል፣ ገና ያልተሰበሰበ ክፍያ ይያዛል፣ ከብትም ይያዛል። የእኛን ማኅበራት ላሞች አንሥቶ ትንሽ ቀለደ።

9. ቀጣዩ አጭር ነው፤ ይህን አዋጅ ይዘህ ወደ ባንክ ቅርንጫፍ ሂድና ሞክር አለው። እሱ ሞክሯል። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና አንብቦ ሲጨርስ የቤት ካርታ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

10. ቀጥላ የመጣችው የኔው ከተማ ሰው ሆነች። ልብስ ስፌት ነው ሥራዋ። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ የ50 ሚሊዮን ዶላር ገንዘብ የተጀመረውን የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት አስታወሰችን። ሲጀመር በስድስት ከተሞች ነበር፤ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ። ከስድስቱ አምስቱ ከአዲስ አበባ ውጭ መሆናቸውን ልብ በሉ አለች። በዚያው ፕሮጀክት ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። በካርታ ፈንታ በኮምፒውተር የተዘጋጁ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ የሰውየው ጠባይና አስተሳሰብ ይመዘናል፤ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው ከዚያ ይገመታል። ጓደኛዋ ተፈትናለች። ከጥያቄዎቹ መሐል ትክክለኛ መልሱ የቱ እንደሆነ የማይታወቅ ብዙ እንደነበረበት እስከ ዛሬ ታወራለች። ብድሩን ግን አግኝታበታለች።

ይህን ባሕር ዳር ተቀምጬ አልሰማሁም ነበር። አራት ሥልጠና ላይ ማንም አላነሣውም።

11. የሕግ ሰውየው ለ9ኛው መልስ ይዞ ተመለሰ። እውነትህን ነው፣ ሕጉ ቅርንጫፍ ድረስ አልወረደም ብሎ አመነ። ሆኖም እምቢ ሲሉ በጽሑፍ ስጡኝ በላቸው ብሎ መከረ። 9ኛው በሳቅ ምልክት ብቻ መለሰለት።

12. ናይሮቢ የሚኖር ወገን የኬንያን አመጣ። አይሀብ የሚባለው የሥራ ፈጣሪዎች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከፈት ሁሉም ነገር ናይሮቢ ነበር። በኋላ ኪሱሙ ላይ ሌክሀብ፣ ሞምባሳ ላይ ስዋሂሊፖት ተከፈቱ። የኪሱሙ ልጆች ግን ዛሬም እንደ እኛው ናይሮቢ ሁሉን ወሰደችው እያሉ ያማርራሉ። አይሀብ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2019 ለናይጄሪያው ሲሲሀብ ተሸጠ። በእሱ ግምት ለክልል ሥራ ፈጣሪ ከማዕከላቱ ሁሉ የበለጠው እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው የስልክ ገንዘብ መላኪያ፣ ኤምፔሳ፣ ነው። አንድ ኪሱሙ ያለ ልጅ ናይሮቢን ሳይረግጥ ገንዘብ መቀበል ቻለ። እኛ ጋ ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲመጣ ተመሳሳይ ነገር ጠብቆ ነበር። መጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም፤ ምክንያቱም 13ኛው መጣ።

13. ቤርሼባ ከሚኖር ወንድም ነው። እስራኤል ገንዘቡን እንዴት እንዳስጀመረች በደንብ አብራራ። እ.ኤ.አ. በ1993 መንግሥት ዮዝማ የሚባል የ100 ሚሊዮን ዶላር ፕሮግራም አቋቁሞ ከውጭ ገንዘብ አፍሳሾች ጋር አብሮ አወጣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ1991፣ የሥራ ፈጠራ ማቀፊያዎችን ከፍቷል። ከሶቪየት ኅብረት የጎረፉትን መሐንዲሶች ሥራ ለማስያዝ ነበር። የእሱ ወላጆች ከጎንደር የገቡትም በዚያው በ1991 ነው፤ በዘመቻ ሰለሞን። አባቱ አንጥረኛ ነበሩ። ለመሐንዲሱ ማቀፊያ ተዘጋጀለት፤ ለአንጥረኛው የጽዳት ሥራ ተገኘለት። ይህን ሲጽፍ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲሁ እንደ መረጃ ነው የጣለው። ከዚያ ወደ ቤርሼባ ተመለሰ። ከተማዋ በረሃ ጫፍ ያለች፣ ቴል አቪቭ የናቃት ነበረች። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2013 የቴክኖሎጂ ፓርክ ተከፈተ። የሠራዊቱ የቴክኖሎጂ ክፍሎች ወደዚያ እንዲዛወሩ ተወሰነ። መንግሥት ወጣቱን እዚያ ቆይ ብሎ አልለመነም፤ ደንበኛውን ነው ያዛወረው።

14. ይህን ተከትሎ የመጣው ሻካራ ነው። የእስራኤልና የእኛ ነገር ምን አገናኘው፣ እነሱ ሠራዊት አላቸው፣ ዶላር አላቸው፣ ዘመድ አላቸው አለ። በየውይይቱ እስራኤልንና ሲንጋፖርን የሚያመጣ ሰው እንደሰለቸው ገለጸ። ሲንጋፖርን ግን ማንም አላነሣም ነበር።

15. ከጎንደር የመጣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጻፈው። ዕቃ የሚያደርስ ትንሽ ድርጅት ነበረው። ሦስት ሞተረኛ፣ አንድ የስልክ መተግበሪያ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ለወራት አልተመለሰም። መጀመሪያ በስልክ ጥሪ ሞከረ፣ ከዚያ በወረቀት፣ ከዚያ ሞተሮቹን ሸጠ። ስለ ድጋፍ የምታወሩት ሁሉ ደስ ይላል፣ እኔ ግን የሚያስፈልገኝ ሥልጠና አልነበረም አለ።

16. መቀሌ ያለ ሰው ሁለት መስመር ጨመረበት። እነሱ ጋ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ዳታ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ባንኩም ነበር የተዘጋው። ስለ ስታርታፑ አልጻፈም። ሰው ስለነበረበት ሁኔታ ነው የጻፈው።

ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ተኩል ማንም ምንም አልጻፈም።

17. ዝምታውን የሰበረው ባሕር ዳር ሄጄ የበላሁት የዓሣ ጉላሽ አይረሳኝም የሚል ሰው ነው። እግዜር ይስጠው። የት ቤት እንደሆነ ለመለየት ከ18 እስከ 20 ያሉት ምላሾች ተሟገቱ። ለጥያቄዬ ባይጠቅምም 19ኛው ትክክል ነው፤ ያ ቤት ተዘግቷል።

21. አንድ የአማርኛ መምህር ስታርታፕ የሚለው ለምን አይተረጎምም፣ ጀማሪ ድርጅት ቢባል ምን ይጎድለዋል አሉ። ወዲያው አንዱ ጀማሪ ከተባለማ ኋላዬ ላይ ለማጅ የሚል ወረቀት ልለጥፍ ወይ አለ። መምህሩ አልሳቁም። እኔ ስቄያለሁ።

22. ከዋሽንግተን የመጣው ቁም ነገር ይዟል። እንደኛ ላለ ድርጅት 20 ሺህ ዶላር ለማስገባት ከዓመት በፊት አስቦ ነበር። ፓስፖርቱ የአሜሪካ ነው። የውጭ ባለሀብት ብቻውን ቢያንስ 200 ሺህ፣ ከአገር ውስጥ ሰው ጋር ከሆነ 150 ሺህ ዶላር ማምጣት አለበት ሲባል ተወው። ብዙ ልጆች ድርጅታቸውን አሜሪካ፣ ዴላዌር፣ የሚያስመዘግቡት ለዚህ ነው አለ።

23. የሕግ ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አዋጅ 1180/2012። ነገር ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልቆጠር ብሎ መምረጥ እንደሚችል በዚያው አዋጅ ላይ አለ። የዋሽንግተኑ ሰው ይህን የነገረው እንዳልነበረ ጽፎ አመሰገነ። ማን እንደመከረው ጠየቅነው። የአጎቱ ልጅ ነው።

24. ሥልጠናን የሚከላከል አሠልጣኝ ገባ። የሥራ ፈጠራ ልማት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አንዱ ነበር። በስድስት ቀኑ ሥልጠና ራሱን እንዳገኘ ይናገራል። ቲሸርት እየቆጠሩ በሥልጠና መቀለድ ውለታ ቢስነት ነው አለ። እኔን ነው። ቢሆንም ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ማንም ደውሎ ምን ደረሳችሁ እንደማይል እሱም ያውቃል።

25. ይህኛው ደግሞ ቲሸርቱን ይዞ በሌላ በኩል መጣ። ስድብ የለበትም፤ ለዚህ ነው የቆረጠኝ። አራት ሥልጠና፣ አንድ ውድድር፣ ሦስት ሰርተፍኬት ቆጥረሃል አለ። በዚያው ዓመት ውስጥ ስንት የወተት ማኅበር በር አንኳኳህ?

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከሁለቱ ሌላ ሦስት ነው። አንዱ ዝግ ነበር። ይህን እንዳለ ጻፍኩለት። 1ኛው መላሽ ብቅ ብሎ፣ መዝጋቢዋ አራት ጊዜ የደወለችበትን ቀን ድጋሚ አስታወሰኝ። ማንኛውም የውድድር ዳኛ ከሚሰጥህ ነጥብ ያ ይበልጣል ባይ ነው። የጅማዋም ልጅ ብየዳ ቤቴን አስታውስ አለችኝ።

26. ሁለተኛው መላሽ፣ የማኪያቶው፣ ይህ ሁሉ ባለህበት ቆይ ለማለት የተዘጋጀ ወሬ ነው ብሎ ተናደደ። የቀሩት ሁሉ የቀሩበትን ምክንያት ጥበብ ያስመስሉታል አለ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እኔም ትንሽ ፈርቼ ነው የቀረሁት።

27. የመጨረሻው መላሽ ስለ ሥራ ፈጠራ ምንም አልጻፈም። ሰላሌ ውስጥ የአንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሦስት ጥያቄ ጠየቀ። የጠዋቱንና የማታውን ወተት ለይቶ ይይዛል? ይይዛል። ደብተሩን ከመጣል በፊት ለአንድ ወር ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል? ይቻላል። በሁዳዴ ገዢ ሲጠፋ የምንመልሰውን ወተት ይመዘግባል?

አይመዘግብም። ሁለታችንም ጾም እየጾምን ያደግን ልጆች ነን፤ ረቡዕና ዓርብ ወተት የት እንደሚሄድ ጠይቀን አናውቅም። ገበሬው 55 ቀን ይዞት መጥቶ የሚመለስበት ወተት በየትኛውም የውድድር ቅጽ ላይ አልነበረም። ማታውኑ አንድ ቁልፍ ጨመርን፤ የተመለሰ ይላል። ፎቶውን ላክንለት። ቃሉ አልተስማማውም፤ እነሱ ጋ እንዴት እንደሚባል መጥታችሁ ስሙ አለ።

የሰላሌዋ ከተማ ፍቼ ደግሞ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነች፤ ከዚያ ወዲያ ቢበዛ የሁለት ሰዓት ተኩል ጉዞ ነው። የማኪያቶው ሰው ይህን ሲያይ እንግዲህ እዚያ ድረስ ከመጣህ ቦሌ ድረስ ብቅ በል፣ ጋባዡ እኔ ነኝ ብሎ በግል ጻፈልኝ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ማክሰኞ እነሣለሁ። የማታው ወተት በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚገባ ግን ረቡዕ ካልሆነ እንደማልደርስ ነግሬዋለሁ።